ስሙ ይበልጣል

ቀለም ቀቢ ነኝ እኔ፣ የሱቅ ስም የምጽፍ፣
በጀልባዎች ግንባር ቁጥር የማሳርፍ።
ሞተር አላውቅበትም፤ የማውቀው ስለ ፊደል፣
የት ላይ እንደሚወፍር፣ የት እንደሚጎድል።

ይበልጣል አስጠራኝ፣ በዘንዘልማ መንገድ፣
ከቆርቆሮ ጋራዡ፣ ብየዳ ከሚነድድ።
አሳየኝ አንድ መኪና፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣
አይጥ እንዳየች ድመት መሬት ላይ የተኛች።
ሞተሯ ከግጭት ከተረፈ ቶዮታ፣
መብራቷ ከባጃጅ፣ መስታወቷ ከጨረታ።

«ሦስተኛዬ ናት» አለኝ። «ሰው መጥቶ ‹ስታምር!› ይላል፤
‹ማን ሠራት?› ሲል ግን፣ ‹እኔ› ስለው ይስቃል።
እሑድ ውድድር አለ፣ ከበዛዊት አናት
እስከ ዓባይ ድልድይ። ስም ጻፍላት በጎኗ፣ ሰው ከሩቅ እንዲያያት።»
«ምን ብዬ?»
«ጉማሬ።»
«ጉማሬ? ያ ሆዳም? ያ ድብልብል?»
«በሌሊት ያባረረው ዓሣ አጥማጅ ይንገርህ፣ ሲሮጥ ምን እንደሚመስል።»

እህቱ ትብለጥ፣ የሒሳብ ደብተሩን ደረቷ ላይ አስጠግታ፦
«ካሸነፍክ ነጂው ነው። ‹አቤት ልጁ! አቤት እጁ!› ይባላል።
ከተሸነፍክ ግን መኪናው ነው። ‹ድሮስ የጋራዥ ሥራ› ይባላል።
ጎማው፣ ዘይቱ፣ የነጂው አበል፣ ደግሞ ምዝገባ፤
ይህን ሁሉ ከፍለን ነው ሐሜት ውስጥ የምንገባ?»
ዝም አላት። አንድ ብሎን አነሣ፤ ጠረገ፤ መልሶ ጠረገ።
«ሳይሮጥ ፈጣን ነኝ ያለን» አለ «ማን አመነ? ማንስ ፈለገ?»

እሑድ።
አምስት ቆሙ። አራቱ ባሕር ማዶ የተሠሩ፣
ስማቸው ባይጻፍ እንኳ በአርማቸው የሚጠሩ።
የእኛዋን የያዘው ፈንታሁን ነው፣ የሚኒባስ ሹፌር፣
የዱርቤቴ መንገድ ጉድጓድ አስተማረው እንጂ አያውቅም የትምህርት ቤት በር።
ስትወርድ ዓይኔ ፊደሌን ፈለገ፤ ሁሉም ቀይ መስመር ሆነና
ጉ፣ ማ፣ ሬ ሳይነበብ አለፈ። ሦስት ሌሊት የለፋሁበት ቁመና!
አንዱን ቀደመች። ሁለቱን። አራቱንም። ሕዝቡ አበደ።
ድልድዩ አፋፍ፣ መቶ እርምጃ ሲቀር፣ አንድ ነገር ነደደ።
ነጭ ጭስ። ፀጥታ። ይብራ ከውሃው ተነሣ።
አራቱ በተራ አለፏት፤ ጉማሬ ቆመች እንደ ሬሳ።
በባጃጅ ተጎትታ ነው ማታ ቤቷ የገባች።
ትብለጥ ምንም አላለች። ጎንበስ ብላ ገመዱን ፈታች።

ሰኞ ደንበኛ የለም። ማክሰኞም ጋራዡ ባዶ።
ረቡዕ ግን በእኔ ደጅ አንድ ባለ ባጃጅ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰዶ፣
«ያችን የነደደችውን» አለ «ከኋላዬ ሳልልኝ፣
አፏን በሰፊው ከፍታ፤ ጥርሷን እንዳትረሳብኝ።»
ሐሙስ ሰባት መጡ። ቅዳሜ ሰልፍ ሆነ።
የዘጌ ጀልባ ሳይቀር፣ የሽንኩርት ጋሪ ሳይቀር፣ በጉማሬ ተሸፈነ።

ይበልጣልንም ሰው ፈለገው፤ ዓሣ ነጋዴ ነው፣
የበረዶ ሣጥን ያለው ጋሪ፣ ጉማሬ የሚል ያዘዘው።
ከጤና ጣቢያም መጣች፣ መኪናዋን ዞራ ያየች፣ ሲስተር ውዴ፦
«ፍጥነቷን አይቻለሁ። መድረሷን ግን አላየሁም፤ እኔ ደግሞ በሰዓቱ መድረስ ነው ልማዴ።»

ማን ተጠቀመ ታዲያ? ልናገረው፣ እፍረቴን ውጬ፤
እኔ ነኝ። አርባ ሁለት ጉማሬ ሸጬ።
ሳልኩ እንጂ አልበየድኩም፤ እጄን ግሪስ አልነካ።
ስም ከሠሪው ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት ያድራል ለካ።

ያን ማታ ነፋሱ ከጣና የረጠበ ደንገል ሽታ ይዞ ሲመጣ፣
ያለኝን ግማሽ ቆጥሬ ይዤ፣ ጋራዡ ደጅ ተቀመጥኩ፣ ቃል ሳላወጣ።
ኮፈኗ ተከፍቷል። እሱ እስከ ወገቡ ውስጥ ነው።
«ሰው ምን ይላል?» አለኝ ከዚያው።
«ከመኪናዋ» አልኩት «ስሙ ይበልጣል።»
የጠራሁት መስሎት
«አቤት» አለ።

ትብለጥ በባትሪ ብርሃን ደብተሯን ገለጠች።
ጎማ፣ ዘይት፣ ምዝገባ፤ ሁሉንም በግራ ደረደረች።
ቀጥሎ «ስም» ብላ ጻፈች፣ ገቢና ወጪ የሚለየው መስመር ላይ፣
ቁጥሩን ክፍት ተወችው።
«ያች የፈነዳችው ቱቦ» አለች፣ ቀና ሳትል፣
«ስንት ናት?»